ከምክር በፊት ጥያቄ፤ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ከእናቶች ጋር ስለ መነጋገር

በደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት ባለው አገር፥ አንዲት የገጠር እናት ወደ ሐኪም የምትሄድበት ምክንያት ሁለት ነው ቢባል ብዙ ሐሰት አይሆንም፤ አንዱ ምጥ ሲጠናባት፥ ሁለተኛው ልጅዋ ሲታመምባት። ስለ ራስዋ፥ ያውም ምንም ሳያማት፥ ተነሥታ «እስቲ እዩኝ» ብላ የምትሄድ ጥቂት ናት። ይህን የምንናገረው ለነቀፋ አይደለም። ከጉና ተራራ ሥር ባለ የገበሬ ቤት ውስጥ ውሃው፥ እንጨቱ፥ ወፍጮው፥ ከብቱ፥ ማኅበሩና ለቅሶው ሁሉ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ተጫነ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባትም። ዳሩ ግን ደኅና ሳሉ ካልተመረመሩለት በቀር፥ አሞኛል ካሉ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚረፍድበት አንድ ደዌ አለ፤ እርሱም የማኅፀን በር ካንሰር ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ስለ ደዌው ብቻ አይደለም። ደኅና ነኝ የምትለውን ያችን እናት በምን ዓይነት አነጋገር ብናነጋግራት በገዛ ፈቃድዋ ወደ ምርመራው ትሄዳለች? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

አስቀድመን ስለ ደዌው ጥቂት እንበል። ማኅፀን ወደ ውጭ የሚከፈትበት ጠባቡ ክፍል የማኅፀን በር ይባላል። በዚህ ስፍራ የሚነሣው ካንሰር ምክንያቱ በውል የታወቀ ነው፤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የተባለ በሩካቤ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። ይህን የገለጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ስለዚሁ ሥራቸው በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቫይረሱ እጅግ የተሠራጨ ስለ ሆነ፥ ባል ያገባች ሴት ሁሉ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ልታገኘው ትችላለች፤ ስለዚህ በእርሱ መያዝ በማንም ላይ የሴሰኝነት ምስክር ሊሆን አይገባውም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በ2 ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። በጥቂቶች ዘንድ ግን ይሰነብትና የማኅፀኑን በር ቀስ በቀስ ይለውጠዋል፤ ለውጡም ካንሰር እስኪሆን ድረስ እንደ ልማዱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ሕመም የመከላከል ኃይልዋ በደከመ ሴት፥ ይልቁንም ኤች አይ ቪ በደምዋ ኖሮ መድኃኒቱን በማትወስድ ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የዓመት ቍጥር ልብ ብለህ አስተውለው። ሴትዮዋን ሳይቈረጥማት፥ ሳያደማት፥ ከሥራዋም ሳያስተጓጕላት ደዌው በውስጥዋ የሚያድግበት ዘመን ነው። በዚያው ልክም ሐኪም ሊቀድመው የሚችልበት ዘመን ነው። ከሩካቤ በኋላ የሚታይ ደም፥ የወር አበባ ከቀረ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ደም፥ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ፥ የማይለቅ የወገብ ሕመም፥ እነዚህ ከመጡ የመቅደሙ ጊዜ ሳያልፍ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ምልክት የታየባት ሴት ያለ አንድ ቀን ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ወይም የጨረር ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከፋርጣ ተነሥታ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዛ በዚያ ወረፋ ስትጠብቅ የኖረችውን እናት፥ ቤትዋ የቀሩትንም ልጆች ማሰብ ይበቃል።

በዓለም ላይ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደ ተያዙ፥ 350,000 ያህሉም እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከሟቾቹም እጅግ የሚበዙት በድኾች አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው። ለልጃገረዶች መከላከያው ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን መሰጠት ጀምሯል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ክትባቱ ሳይደርስላቸው ላለፉት ለእናቶቻቸው ግን የቀረው መንገድ ምርመራ ነው።

ምርመራውም ሲሰሙት ከሚያስፈራው ይልቅ ሲያዩት የቀለለ ነው። ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው የደረሱበት የቀድሞው ዘዴ ከማኅፀን በር ጥቂት ተጠርጎ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ነው፤ ላቦራቶሪና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል፥ ውጤቱንም ለመስማት ሴትዮዋ ሌላ ቀን መመለስ አለባት። በአገራችን የተስፋፋው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ የማኅፀኑን በር በመመልከቻ መሣሪያ ገልጣ፥ ወጥ ቤት ውስጥ እንደምናውቀው አቼቶ ያለ ቀጭን አሲድ ትቀባዋለች፤ ጥቂት ቆይታም ትመለከታለች። ደኅናው ሥጋ መልኩን አይለውጥም፤ የተበላሸው ይነጣል። የነጣ ነገር ከታየ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን፥ በዚያው ክፍል፥ በብርቱ ቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይጠፋል። ከተመረመሩት ሴቶች የሚበዙት ግን ምንም ሳይገኝባቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚህም ሌላ ሴትዮዋ ራስዋ ናሙና ወስዳ የምትሰጥበት፥ ቫይረሱን በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ስፍራ ተጀምሯል፤ ለዕፍረተኛ ሰው ይህ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው!

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ሁሉ በየ5 ዓመቱ እንዲመረመሩ መክሮ ነበር። በዚያው ዓመት በመላው አገር በተደረገ የጤና ጥናት፥ በዚህ ዕድሜ ካሉት ሴቶች መካከል ተመርምረው የተገኙት ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምርመራው የሚሰጥባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በዝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባስታወቀው ዕቅድ በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመቶ 70 ሴቶች እንዲመረመሩ ለአገሮች ሁሉ ግብ አድርጓል። ከ3 እስከ 70 ያለው መንገድ ረዥም ነው።

ታዲያ እናቶች ስለ ምን አይሄዱም? «ስለማያውቁ ነው» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ከፊሉም እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ምርመራው የሰሙ፥ በሬዲዮ የተነገራቸው፥ በጤና ኬላ የተመከሩ ሴቶችም አይሄዱም። ጠጋ ብሎ ለሚጠይቃቸው የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው። አንዷ ምንም አላመመኝም ትላለች። ሁለተኛዋ በወንድ ሐኪም ፊት መገለጥን ታፍራለች። ሌላዋ ባልዋ ምን ይለኛል ብላ ትፈራለች፤ ሌላዋ መሣሪያው ማኅፀኔን ይጎዳዋል ብላለች፤ ሌላዋ ደግሞ መንገዱና የመኪናው ዋጋ ይከብዳታል። ከሁሉም በታች ተደብቆ የሚገኘው «ካገኙብኝስ?» የሚለው ፍርሃት ነው። እንግዲህ ይህች ሴት የጎደላት ዕውቀት ብቻ ካልሆነ፥ ዕውቀት ብቻ ብንጨምርላት ምን ይጠቅማታል?

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተብለው ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። ያደረጉት በጎ ሥራ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የማስተማሩ ልማድ ከጥንት ጀምሮ በእኛ አገር ወደ ትእዛዝ ያደላል። በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ሚስዮናውያኑን አዝዘው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ትእዛዝ መድፍ ያስቀልጣል፤ መጸዳጃ ጕድጓድም ያስቈፍራል። ሴትን ግን ከመመርመሪያው አልጋ ላይ አያስተኛትም፤ በዚያ አልጋ ላይ የሚተኙት ልብ ሲፈቅድ ብቻ ነውና። «ነገ መጥተሽ ተመርመሪ» የተባለች እናት «እሺ ልጄ» ትላለች፤ የእኛ ሰው ትሑት ስለ ሆነ እንግዳን በእምቢታ አይመልስም። እሺታዋ ግን የመሰናበቻ እሺታ ነው።

ከዚህ የተለየ የአነጋገር ዘዴ በሐኪሞች ዘንድ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ፈረንጆች ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይሉታል፤ በአማርኛ ልብን የሚያነሣሣ ጭውውት ብንለው ከትርጕሙ አይርቅም። የጀመሩት ዊልያም ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ናቸው። በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ኖርዌይ፥ በርገን ወደምትባል ከተማ ሄደው ሳሉ፥ በመጠጥ የተያዙ ሰዎችን የሚረዱ ወጣት ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዲያሳዩአቸው ለመኗቸው። ሚለር ሲያነጋግሩ ወጣቶቹ በየመካከሉ እያስቆሙ «አሁን ይህን ለምን ጠየቁ? ያንንስ ለምን ዝም አሉ?» ይሏቸው ነበር። በዚህ ጥያቄ ተገፍተው፥ በልማድ ያደርጉት የነበረውን በሥርዓት ጽፈው በ1983 አወጡት። ኋላም በዌልስ አገር ይሠሩ ከነበሩት ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ሆነው በ1991 መጽሐፍ አደረጉት፤ አራተኛው እትም በ2023 ወጥቷል። ሚለር ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1993 ያወጡት አንድ ጥናት ያስደንቃል፤ መካሪው ጠጪውን በተጋፈጠውና በወቀሰው መጠን፥ ያ ሰው ከዓመት በኋላ ሲጠየቅ የሚጠጣው በዝቶ ተገኘ። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ሲሰማ ብዙ የሚገረም አይመስለኝም።

የዘዴው ሥር ቀላል ነው። ሁለት ልብ የሆነ ሰው በውስጡ የሚከራከሩ ሁለት ድምፆች አሉት፤ አንዱ «ልሂድ» ይላል፥ ሌላው «ይቅርብኝ»። መካሪ መጥቶ የ«ልሂድ»ን ጠበቃ ቦታ ከያዘ፥ ለተመካሪው የሚቀርለት የ«ይቅርብኝ» ጠበቃነት ብቻ ነው። እርሱንም በአፉ እየደጋገመ በተከራከረ ቍጥር ለራሱ ያጸናዋል። ስለዚህ ብልኅ መካሪ የ«ልሂድ»ን ቃል ከሰውየው አፍ እንዲወጣ በጥያቄ መንገድ ይጠርግለታል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው የዚህን ነገር ጣዕም ያውቀዋል። መምህሩ የነገሩት ቅኔ ሊረሳ ይችላል፤ ተማሪው ራሱ ሌሊት ተቀምጦ የቈጠረው ግን እስከ ሽምግልናው አይጠፋውም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በፋርጣ ደጋ አንዲት የአርባ ዓመት እናት አለች እንበል፤ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ወደ ቤትዋ መጣች እንበል። ሰላምታው ካለቀ፥ ቡናውም ከቀረበ በኋላ እንዲህ ይነጋገራሉ።

«እትዬ፥ ስለ ማኅፀን በር ምርመራ ጥቂት ብንጫወት ፈቃድዎ ነው?»

«ምን ከፋኝ። ባለፈውም በማኅበር ላይ ተነግሮናል። እኔ ግን ምንም አላመመኝም።»

በዚህ ስፍራ የለመድነው መካሪ «ቁም ነገሩ መታመምዎ አይደለም!» ብሎ ወደ ትምህርቱ ይገባ ነበር። ይህች ግን እንዲህ ትላለች፤

«ደኅና ሆነው ሳለ ሐኪም ፊት መቅረብ ነገር መፈለግ ይመስልዎታል።»

«እንዴታ! ተኝቶ የነበረውን ምን ቀሰቀሰኝ።»

«እስካሁን ስለ ምርመራው ምን ምን ሰምተዋል?»

«በብረት ይከፍቱታል አሉ። ደግሞ ወንድ ነው የሚያየው አሉ። እርሱስ ይሁን፤ ካገኙብኝስ? ቁርጤን ዐውቄ ልጆቼን እያየሁ ላልቅስ?»

«ዕፍረቱ አንድ ነገር ነው። ከዕፍረቱም የሚከብድብዎ ቁርጡን ማወቅ ነው።»

ሴትዮዋ ዝም ትላለች፤ ልጅቱም ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ በጭውውቱ ውስጥ ከተነገረው ቃል ሁሉ አያንስም፤ ብዙ መካሪዎች ግን ሊታገሡት አይችሉም።

«ልጆቹ ናቸው» ትላለች ቈይታ። «ታናሺቱ ገና 6 ዓመትዋ ነው። ከወንዝ ማዶ አንዲት ሴት በደም ሞተች፤ ልጆችዋ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበተኑ።»

«የልጆችዎ ነገር ነው የሚያሳስብዎ።»

«ሌላ ምን አለኝ፥ ልጄ?»

«እኔ የማውቀውን ጥቂት ብነግርዎ ይፈቅዱልኛል?»

«ንገሪኝ።»

«ይህ ምርመራ ካንሰር ሳይሆን ገና በፊት ያለውን ለውጥ ለማየት ነው። ለውጥ ከተገኘም ብዙውን ጊዜ እዚያው ታክሞ ያልቃል። የሚበዙት ሴቶች ግን ምንም የለብሽም ተብለው ይመለሳሉ። ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ?»

«እንዲህ ከሆነስ . . . ቁርጥ ማወቅ ሳይሆን፥ ቁርጥ እንዳይመጣ ነዋ!»

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቁም። ይህን የመጨረሻውን ቃል ወጣቷ ብትናገረው ኖሮ መልካም ትምህርት ይሆን ነበር፤ እናቲቱ ስለ ተናገረችው ግን የራስዋ ሆነ። ወጣቷ ያደረገችው ሁሉ ለዚህ ቃል ስፍራ መልቀቅ ነው። ከመናገርዋ በፊት ፈቃድ ጠየቀች፤ በጥቂት ቃል ተናገረች፤ ተናግራም መልሳ ጠየቀች። የእናቲቱን ፍርሃት ከንቱ ነው አላለችም፤ የሰማችውን በሌላ ቃል መለሰችላት እንጂ። ሊቃውንቱ ይህን ማንጸባረቅ ይሉታል፤ ከጥያቄ ሁሉ የሚከብደው ክፍልም እርሱ ነው። በመስታወት ፊት የቆመ ሰው መስታወቱን እንደማይከራከረው፥ የገዛ ቃሉ የተመለሰለት ሰውም መከራከር ትቶ ራሱን ያያል።

ጭውውቱ ገና አላለቀም። የዚህ ዘዴ ሰዎች ከ0 እስከ 10 የሚቈጠር ሚዛን ያቀርባሉ፤ ፊደል ላልቈጠረ ሰው በአገራችን አሥሩ ጣት ይበቃል።

«እትዬ፥ ምርመራው ምን ያህል ያስፈልገኛል ይላሉ? እጅግ ካስፈለገዎ አሥሩንም ጣት ያንሡልኝ፤ ከቶ ካላስፈለገዎ ምንም አያንሡ።»

እናቲቱ አራት ጣት ታነሣለች። እንግዲህ በተፈጥሮአችን «ለምን አራት ብቻ? ለምን አሥር አልሆነም?» ልንል እንቸኩላለን። እንዲህ ብንጠይቃት ስድስቱን የመቅረት ምክንያት ትቈጥርልናለች። ወጣቷ ግን ገልብጣ ትጠይቃለች፤ «ለምን አራት ሆነ? ለምን አንድ አልሆነም?» መልሱም የመሄድ ምክንያት ይሆናል፤ «ያችን ሴትዮ አይቻታለሁዋ!» ትላለች። ቀጥሎም «አራቱ ስድስት እንዲሆን ምን ቢኖር ይሻላል?» ስትባል፥ «የምታየኝ ሴት ብትሆን፤ ደግሞ ባሌን ማን ይነግርልኛል?» ትላለች። እነሆ ዕንቅፋቱ ሁለት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ሊነሡ የሚችሉ ናቸው። የትኛው ጤና ጣቢያ ሴት ነርስ በየትኛው ቀን እንዳለች ወጣቷ ታውቃለች ወይም ታጣራለች። ለባልዋ ራስዋ ትንገር ወይስ ወጣቷ ትምጣላት የሚለውን የምትመርጠው ግን እናቲቱ ናት።

«አልሄድም» ብትልስ? እንግዲያው አትሄድም። ይህን የምንለው በዋዛ አይደለም። እምቢ የማለት ነጻነት የሌለበት ጭውውት፥ ድምፁ የለሰለሰ ትእዛዝ ነው፤ ሴቶችም ይህን ለይተው ለማወቅ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ሚለርና ሮልኒክ ይህን ዘዴ ሰውን ወደማይፈልገው ለመሳብ እንደ ብልጠት መያዝ ክፉ እንደ ሆነ ደጋግመው ያሳስባሉ፤ ለሰውየው በጎውን ማሰብና ርኅራኄ የዘዴው ክፍል መሆኑንም ይናገራሉ። ስለዚህ ወጣቷ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፥ ስላጫወቱኝ ደስ ብሎኛል። ከፋሲካ በኋላ ብመለስ ይፈቅዱልኛል?» ብላ ትሰናበታለች። በር ሳይዘጋ መውጣት ታላቅ ሙያ ነው።

እውነት ለመናገር ይህ ዘዴ ሁሉን ያድናል አንልም። በተለያዩ አገሮች ለካንሰር ምርመራ ተሞክሮ ያሳየው ፍሬ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዱ ስፍራ ብዙ ሴቶችን አስነሥቷል፥ በሌላው ከተራ ምክር እምብዛም አልበለጠም። ጭውውት መንገድን አያሳጥርም። ከሰዴ ሙጃ ወይም ከስማዳ ቆላ ወጥታ በእግርዋ ጤና ጣቢያ የደረሰች ሴት፥ ነርሷ ስብሰባ ሄዳለች ወይም የማከሚያው ጋዝ አልቋል ተብላ ብትመለስ፥ ያንን ሁሉ መልካም ቃል ከንቱ ያደርገዋል፤ ጎረቤቶችዋንም ታስቀራለች። ደግሞም ሙያው በአንድ ቀን ትምህርት አይያዝም። ሠልጣኞች እርስ በርስ እየተለማመዱ፥ ንግግራቸውን ዐዋቂ እየሰማ እያረማቸው ይማሩታል እንጂ ከሰሌዳ ላይ አይገለብጡትም። ብዙ የሥራ ዓይነት በተጫነባት በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ይህን ስንጨምር ጊዜም መስጠት ይገባናል። «በሳምንት ይህን ያህል ሴት አስመርምሪ» ተብሎ ቍጥር የተሰጣት ልጅ፥ ቡና እስኪፈላ ተቀምጣ ልታዳምጥ አትችልም።

በቤተሰብ ዘንድ ግን ይህ አነጋገር ሥልጠና ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል። ባል ለሚስቱ «ምን ያስፈራሻል?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ቢሰማ፥ ከዚያም «እኔ አብሬሽ ብሄድ ትወጃለሽ?» ቢላት፥ የደጋው እናት ካሉባት ዕንቅፋቶች ግማሹ የሚነሣ ይመስለኛል። በከተማ የተማረች ሴት ልጅም ለእናትዋ ትምህርት ከማስተማርዋ በፊት እናትዋ የምታውቀውን ብትጠይቃት ክብርዋን ትጠብቅላታለች። የወላዲተ አምላክን ወይም የሌላ ቅዱስን ማኅበር የሚጠጡ እናቶች በየወሩ ይገናኛሉና፥ ተመርምራ የመጣች አንዲት ሴት ያየችውን እንዳየችው ብትናገር ከብዙ ሰባኪ ይልቅ ትሰማለች።

የንስሐ አባቶችንም ነገሩ ይነካቸዋል። «አባ፥ ጠበል እየተጠመቅሁ ሐኪም ዘንድ ብሄድ እምነቴን ማጕደል ይሆናልን?» ብላ የምትጠይቅ እናት ብዙ ናት፤ ጥያቄዋም የዋህ ነው እንጂ የሚያስቈጣ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን (ከ1984 እስከ 2004 ዓ.ም.)፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መናገራቸው ይታወሳል። ለዚያ የተባለው ለዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሆኖም ካህኑም ቢሆን «ሂጂ» ብሎ በሥልጣነ ክህነቱ ከሚያዛት፥ ልብዋ የተሰቀለበትን ነገር ቢጠይቃትና የጠበሉን ጥርጣሬ ቢያነሣላት ይበልጣል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛውን ሰው ጌታችን አስቀድሞ ፈቃዱን እንደ ጠየቀው በቅዱስ ወንጌል ተጽፏል፤ የልብን ሁሉ የሚያውቅ እርሱ ከጠየቀ፥ እኛ ሳንጠይቅ ለማዘዝ ምን ያስቸኩለናል?

ለመሄድ ለወሰነችው እናት ደግሞ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ምርመራው የወር አበባ በሚታይበት ቀን አይመችም፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ይሻላል። ጾምን የሚያስፈታ ምንም ነገር ስለሌለው በዐቢይ ጾምም ሆነ በፍልሰታ መመርመር ይቻላል። ሰፊ ቀሚስ መልበስ ዕፍረትን ያቀልላል፤ ሴት ነርስ ትየኝ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። መሣሪያው ሲገባ መጨነቅ ይሰማል፤ በረዥሙ መተንፈስ ይረዳል፤ ሥራውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በቅዝቃዜ የታከመች ሴት ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ታያለች፤ ለ4 ሳምንት ያህልም ከባልዋ ትለያለች፤ ስለዚህ ባልዋ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። ትኩሳት፥ ብርቱ የሆድ ቍርጠት ወይም ብዙ ደም ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ነው። ምንም ያልተገኘባት ሴት የተሰጣትን ካርድ ከክርስትና ወረቀቶችዋ ጋር አድርጋ በሣጥን ታስቀምጠው፤ ቀጣዩ የምርመራ ጊዜ ሲደርስ ያስፈልጋታልና። ኤች አይ ቪ በደምዋ ያለባት እናት ከሌሎች ባጠረ ጊዜ መመለስ ሊኖርባት ስለሚችል፥ ቀኑን መድኃኒትዋን ከምትቀበልበት ክፍል ጠይቃ ትያዝ።